ጋሼ ፓኬቱን የመረጡ ዕለት

አንድ ተራ ቀን አክስቴን ምን ያህል ያስከፍላት እንደነበር ልቁጠርላችሁ። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትነሳና እጆቿን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ ሃያ ደቂቃ ትቀመጣለች፤ ጣቶቿ ካልሞቁ የቧንቧ እጀታ እንኳ አያዞሩላትም። ከዚያ ዘጠኝ ድንች ትልጣለች። ደህና እጅ ያለው ሰው ዘጠኝ ድንች በአሥር ደቂቃ ልጦ ይነሳል፤ እሷ ሃምሳ ደቂቃ ይፈጅባታል። ትቀቅላለች፣ መጨፍለቂያውን በሁለት እጇ ጨብጣ ትጨፈልቃለች፣ ሁለት ጊዜ በወንፊት ታሳልፋለች፣ ባሏን ታበላለች፣ አፋቸውን ትጠርጋለች፣ ለምሳቸው የሚሆነውን ሙቀት በሚይዝ ዕቃ ታስቀምጥና አርባ አራት ደረጃ ወርዳ አውቶቡስ ትይዛለች። የምትሠራበት የፋብሪካ መመገቢያ ቤት ደርሳ ደግሞ ለአራት መቶ ሰው አራት መቶ ጭልፋ ታወጣለች። ስትመለስ ድንቹ እንደገና ይጀመራል። ይህ ሁሉ የሚከፈለው ከጣቶቿ ነበር።

ሠራተኛው ሁሉ «ጭልፋ» ነው የሚላት። «ጭልፋ ዛሬ ገብታለች?» ይባላል፤ «ጭልፋ ተቆጥታለች፣ ሰልፋችሁን አስተካክሉ» ይባላል። እናቴ ገና ልጅ ሳለሁ ስላረፈች ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እኔ እትዬ እላታለሁ፣ ባሏን ጋሼ። የራሳቸው ልጅ አልነበራቸውም። አግብቼም ርቄ አልሄድኩም፤ ከእነሱ አንድ ፎቅ ዝቅ ብዬ ተከራየሁ። የምነግራችሁ ነገር ሲሆን ልጄ ሰባት ወሯ ነበር፣ ገና ምግብ መጀመሯ።

መመገቢያ ቤቱ ውስጥ በአዘቦት ቀን ድንች የሚባል ነገር በዓይን አይታይም። ሌላ ቦታ ተቀቅሎ፣ ደርቆ፣ እንደ ስስ ቅርፊት ተፈርፍሮ በትልልቅ ከረጢት ይመጣል። ሙቅ ውሃ፣ ጨው፣ የወተት ዱቄት፣ አራት ደቂቃ ማማሰል፣ አለቀ። ያው ነገር በትንንሽ ፓኬት ሱቅ ውስጥም ይሸጣል። በበዓል ዋዜማ ግን ሴቶቹ የወተት ሳጥን ገልብጠው ክብ ሠርተው ይቀመጡና አንድ ኩንታል ድንች በእጃቸው ይልጣሉ። የዓመቱ ሐሜት ከልጣጩ ጋር የሚረግፈው ያን ቀን ነው። አክስቴ ስለ ፓኬቱ ስትጠየቅ «እሱ እኮ ድንችን በሩቅ የሚያውቅ ዱቄት ነው» ትላለች። ሠላሳ ዓመት ስታማስለው ኖራ አንድ ቀን እንኳ ቤቷ አላስገባችውም።

ጋሼ ለሳኝ ነበሩ። ግድግዳ ልስን ይሠራሉ። የተዋወቁትም በዚሁ በፓኬት ድንች ነው። መመገቢያ ቤቱን ሊለስኑ መጥተው፣ ልብሳቸው ሲሚንቶ በሲሚንቶ እንደሆነ ሳህን ይዘው ሰልፍ ገቡ። አክስቴ አንድ ጭልፋ ጣል አደረገችላቸው። ሰውየው በማንኪያ አንሥተው አዩት፣ ደፋ አደረጉት፣ አልወድቅም አለ።

«እመቤት» አሏት፣ «ከዚህ አንድ ባልዲ ይጨምሩልኝ፤ የቀኙ ግድግዳ ይቀረኛል።»

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። አክስቴ ጭልፋዋን አንሥታ «አንተ ሰውዬ፣ ከግድግዳው በፊት ምላስህን ለስነው፤ ሻካራ ነው» አለቻቸው።

በሁለተኛው ወር በዓል ደረሰ። ሥራቸውን ጨርሰው ሄደው ሳለ ያን ቀን ምሳ ሰዓት ላይ በሩ ላይ ቆመው ተገኙ። አክስቴ ከእውነተኛው ሰጠቻቸው። ሲያኝኩ ጥርሳቸው ላይ ያልደቀቀች ትንሽ የድንች ጓል መጣች፤ ቆም አሉ። አክስቴ «አበስኩ ገበርኩ፣ አመለጠችኝ» ስትል እሳቸው ምን አሉ? «ግድግዳ ላይ ጓል ካየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ሳህን ላይ ግን ጓል ካላገኘሁ የሰው እጅ የነካው አይመስለኝም።» ይህችን ንግግር አክስቴ ስትተርክልኝ ሁልጊዜ እዚህ ጋ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች።

ሲጋቡ ጋሼ ስጦታ ብለው ያመጡላት መጨፍለቂያ ነበር፤ ግድግዳ ከሚያለሰልሱበት አሮጌ የእንጨት ዕቃቸው እጀታ ቀርጸው የሠሩት። በዚያ ቤት ሕግ ነበረ፤ ጓል የደረሰው ሰው የዚያን ቀን ዕቃ አያጥብም። ጋሼ ይህን ሕግ ያወጡት ለራሳቸው ነው። አንድ ማንኪያ ሳይጎርሱ «አገኘሁ!» ይላሉ። «አሳየኛ» ስትላቸው «ዋጥኩት፣ ማስረጃው ሆዴ ውስጥ ነው» ይላሉ። አድጌ እስክወጣ ድረስ ዕቃ ያጠብነው እኔና እትዬ ነን።

የዛሬ አምስት ዓመት ገደማ ስትሮክ መታቸው። ቀኝ ጎናቸው ሄደ፣ አንደበታቸው ሄደ። የቀረላቸው ግራ እጃቸውና ዓይናቸው ነው፤ አንድ ጊዜ ጨፈን ካደረጉ አዎ፣ ሁለት ጊዜ ከሆነ አይደለም። ቤት ለቤት የምትዞረው ነርስ በየሰኞው እንደ ወንበር ያለ ሚዛን ይዛ ትመጣ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ለአክስቴ ቁርጡን ነገረቻት። ምግባቸው ሁሉ ልዝብ ይሁን፣ ጓል እንዳይኖረው፣ ያንቃቸዋል። ክብደታቸው ከሃምሳ ኪሎ ከወረደ ደግሞ ቤት ሊቆዩ አይችሉም፤ መጦሪያ ገብተው በቱቦ ይመገባሉ።

«ባሌን ማንም አይወስደውም» አለች አክስቴ። ወንፊቱ ቤታችን የገባው ያን ጊዜ ነው።

ጋሼ በሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ በሉ። ሃምሳ አራት ኪሎ፣ ሃምሳ አምስት ኪሎ። አልጋቸው ከወጥ ቤቱ በር ፊት ለፊት ስለነበረ እሷ ስትልጥ ያይዋታል። እሷም ጀርባዋን ሳትሰጣቸው ነው የምትልጠው፤ የፋብሪካውን ወሬ ትነግራቸዋለች፣ የሹሙን አረማመድ ቁጭ ብላ በትከሻዋ ታሳያቸዋለች። ግማሽ ፊታቸው ይስቃል።

ቁርጥማቱ የመጣው ቀስ እያለ ነው። መጀመሪያ አውራ ጣቷ፣ ከዚያ መገጣጠሚያዎቿ እያበጡ እንደ ዝንጅብል ሥር ቋጠሮ ሠሩ። ጣቶቿ ተጠማዘው አልዘረጋ አሉ። «እኔ ልላጥልሽ» ስላት «ያንቺ እጅ ለልጅሽ ነው፤ የባሌን ድንች ሌላ ሰው አይልጥም» ትለኛለች። ቢላዋው ከእጇ ሲወድቅ ሰምቼ የወጣሁባቸው ቀኖች አሉ። ወድቆ ስታነሳው ትስቃለች። ጋሼ አይስቁም ነበር። ይህን ያኔ አላስተዋልኩትም።

በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው አንድ ፓኬት ድንች ይዤ ወጣሁ። እኔ ለልጄ ሥራ በበዛብኝ ቀን እሱን እሠራለሁ፤ አላፍርበትም፣ ልጅ አዝሎ ልብስ የሚያጥብ ሰው ይረዳኛል።

«እትዬ» አልኳት፣ «ለአዘቦቱ ይሄን ስሪላቸው፣ ለበዓሉ እጅሽን አሳርፊው። ልስልስ ያለ ነው፣ ጓል የለው፣ ወንፊት አያስፈልገው።»

«ውሰጅው ከፊቴ! ሥራ ቦታ አራት መቶ ሰው ስቀጣበት የምውለው አይበቃም?»

«እስቲ እሳቸው ይምረጡ።»

«ይምረጥ!» አለች፤ በመልሱ እርግጠኛ ነበረች፣ ደረቷን ነፍታ ነው የተነሳችው። በአንድ እጇ ያልተላጠ ድንች፣ በሌላው ፓኬቱን ይዛ አልጋው አጠገብ ቆመች። «በል የኔ ለሳኝ፣ የቱን ልሥራልህ? ለዚች ልጅ ንገርልኝ።»

ጋሼ ሁለቱንም እጆቿን ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ግራ እጃቸውን አንሥተው ድንች የያዘውን እጇን ወደታች ገፉት። ፓኬቱን ወስደው ደረታቸው ላይ አቀፉት።

አክስቴ ሳቀች፤ ያንን ሳቅ አልወደድኩትም። «ሃያ ዘጠኝ ዓመት!» አለች። «ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሲያሾፍብኝ ነዋ የኖረው! ልስን ነው እንዳላለኝ አሁን አቀፈው! ይሁንለት፣ እኔ ምን ቸገረኝ።» ድንቹን ቅርጫት ውስጥ ወረወረችው።

የበዓሉ ዕለት ለእኔና ለባለቤቴ ቅቤና ወተት የገባበትን እውነተኛውን ሠራች። ለጋሼ ከፓኬቱ። ሳህናቸውን ስታስቀምጠው ጠረጴዛው ጮኸ። እሳቸው ዓይናቸውን ከሷ ሳይነቅሉ አንድ ማንኪያ ሳያስተርፉ ጨረሱት።

«ጣፈጠህ?» አለቻቸው።

አንድ ጊዜ ጨፈን አደረጉ።

እሷም ፊቷን አዞረች። አብረው ያሳለፉት የመጨረሻ በዓል እሱ ነው። ኩርፊያ ላይ ነበረች።

ከዚያ በኋላ ጠዋት የሚሰማው ውሃ ሲፈላ ብቻ ሆነ። አክስቴ ወጥ ቤት የምትቆየው አምስት ደቂቃ ነው፤ ወሬ የሚነገርበትም ጊዜ አብሮ ቀረ። እጆቿ በእውነት ትንሽ ቀለል አላቸው፤ ያበጠው ጎደል አለ። ጋሼ ግን ከሳህኑ ግማሹን ይተዉ ጀመር፣ ከዚያ ሲሶውን ብቻ ይበሉ ጀመር። ሃምሳ ሦስት። ሃምሳ ሁለት። ነርሷ ሚዛኑን እያየች ከንፈሯን ትነክሳለች። አክስቴ ፓኬቱ ላይ ወተት ጨመረች፣ ቅቤ ጨመረች፣ እንቁላል መታች። ድንች ግን አልላጠችም።

«አልፈልግም ያለኝን ሰው በግድ አላጎርስም» አለችኝ። «መረጠ አይደል? በዓይንሽ አይተሻል።»

አንድ ሐሙስ ቀን እንደ ወትሮው ምሳቸውን ላበላቸው ወጣሁ። አክስቴ ሥራ ነበረች። እቤቴ ሊበቅሉ የደረሱ ሦስት ድንቾች ስለነበሩኝ ለልጄ እነሱን ቀቅዬ አልሜ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ይዤ ነበር። ልጄን እግሬ ላይ አስቀምጬ ሳጎርሳት ጋሼ የሷን ሳህን እያዩ ነው። የሳቸው በጎን ሳይነካ ቀዝቅዟል። ለቀልድ ያህል ከልጄ ሳህን በማንኪያ ጫፍ አቀመስኳቸው። አፋቸውን እንደገና ከፈቱ። ደገምኩ። ሰለስኩ። የልጄን ምሳ ጨረሱት፤ እሷ ጉድ ተሠራሁ ብላ አለቀሰች።

«ጋሼ፣ እውነተኛውን ነው እንዴ የሚወዱት?»

አዎ።

«ታዲያ ያን ቀን ፓኬቱን ምን ነክቶዎት ነው የመረጡት?»

በዓይን የሚመለስ ጥያቄ አልነበረም። ግራ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አወጡና ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አጠማዘዙ፤ ልክ እንደ እትዬ እጅ አደረጉት። ያንን የተጠማዘዘ እጅ ጉንጫቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንባቸው በጣቶቻቸው መሃል ወረደ። ሲረጋጉ አመልካች ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አቆሙ። እንዳትነግሪያት።

እኔም አልነገርኳትም። ብነግራት በማግስቱ ቢላዋውን እንደምታነሳ አውቃለሁ። የራሴን ዘዴ አሰብኩ፤ ምሳ ምሳ ከቤቴ ድንች ልጬ፣ አልሜ፣ በወንፊት አሳልፌ በልጄ ሳህን ይዤ እወጣለሁ፣ ጋሼ ይበላሉ፣ ሚዛኑ ይነሳል፣ የሷም እጅ ያርፋል፣ ማንም ማንንም አያስቀይምም። አራት ቀን ሆነልኝ። በአምስተኛው ቀን ልጄን ትኩሳት ያዛት፤ ሐኪም ቤት አስተኟት፣ የጋሼን ምሳ ለጎረቤት አደራ ብዬ ዘጠኝ ቀን ከጎኗ አልተነሳሁም። በነዚያ ዘጠኝ ቀኖች አንድ ስልክ ደውዬ «እትዬ፣ ድንች ላጪላቸው» ማለት እችል ነበር። ልጄ ላይ ነበር ልቤ። ደግሞም ምስጢራቸውን ጠብቄ በሰላም የምመለስ መስሎኝ ነበር።

ስመለስ አርባ ዘጠኝ ኪሎ ሆነዋል።

መኪናው ረቡዕ መጣ። ሁለት ወጣቶች ጋሼን በወንበር ተሸክመው አርባ አራቱን ደረጃ አወረዷቸው። አክስቴ አብራ ሄዳ አመሻሽ ላይ ብቻዋን ተመለሰች። ደረጃው ላይ፣ የኔ በር ጋ፣ አገኘኋትና ሁሉንም ነገርኳት። ድንቹን፣ የልጄን ሳህን፣ ጣታቸውን እንዴት እንዳጠማዘዙ አሳየኋት።

ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ ገልብጣ አየቻቸው።

«እጄን ነው ያየው?» አለች።

«አዎ እትዬ።»

«እኔ ደግሞ ሳህኑን አስጮኽኩበት።»

ትሰድበኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ምነው በሰደበችኝ። በማግስቱ ሐሙስ ነው፣ በዓል የለ፣ እንግዳ የለ፣ እንዲሁ ተራ ቀን። ከሥራ ቀርታ ድንች ስትልጥ ሰማሁ። ወጥቼ «እትዬ፣ እባክሽ እኔ» አልኩ። «ተይኝ» አለችኝ። ተውኳት። አምስት ድንች ልጣ ቀቅላ እስክትጨርስ ሁለት ሰዓት ፈጀባት። በጋሼ መጨፍለቂያ ጨፈለቀችው። ማሰሮውን በፎጣ ጠቅልላ፣ በላዩ ሹራቧን ደርባ እንዳቀፈችው አውቶቡስ ውስጥ ገባን። ሰው ሕፃን የያዘች መስሎት መቀመጫ ለቀቀላት።

መጦሪያው ክፍል በር ላይ አንዲት ልጅ እግር ነርስ አስቆመችን። «እናቴ፣ ይቅርታ፣ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ በአፋቸው ምንም አይገባም። መዋጥ አቅቷቸው ወደ ሳንባቸው ሄዶባቸዋል።»

«አንድ ማንኪያ።»

«አንድም አይቻልም እናቴ። ያንቃቸዋል።»

አክስቴ ማሰሮውን አቅፋ ቆመች። ክንዷን ያዝኩ።

«ሽታውስ?» አለች። «ሽታውም ይከለከላል?»

ነርሷ እኔን አየችኝ፣ ማሰሮውን አየችው። «ሽታው አይከለከልም» አለችና ወንበሩን ራሷ ጎትታ አልጋው አጠገብ አስቀመጠችላት።

አክስቴ ተቀምጣ ክዳኑን ከፈተችው። እንፋሎቱ ወጣ፤ ቅቤው፣ ወተቱ፣ ትኩስ ድንቹ። ጋሼ አፍንጫቸው ላይ ቱቦ ነበረ፤ ሸተታቸው አልሸተታቸው እንጃ። ብቻ ዓይናቸውን ገለጡ። ግራ እጃቸው አንሶላው ላይ እየዳሰሰ ሄዶ የሷን እጅ አገኘ፤ ያበጡትን መገጣጠሚያዎች አንድ በአንድ ነካ፣ ነካ፣ ከዚያ በላያቸው ተኛ።

«ዛሬ በወንፊት አላሳለፍኩትም» አለቻቸው። «ከነጓሉ ነው። አገኘህ በለኝ፣ ዕቃውን እኔ አጥባለሁ።»

አንድ ጊዜ ጨፈን አደረጉ። ግማሽ ፊታቸው ሳቀ።

ከአምስት ቀን በኋላ አረፉ።

አክስቴ ዛሬም ፋብሪካው ውስጥ ናት፤ አሁን የሚያማስለው ሌላ ሰው ነው፣ እሷ ጭልፋውን ብቻ ትይዛለች። ፓኬቱን መስደብ ትታለች። ልጄ ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው። በአዘቦት ከፓኬቱ፣ በበዓል ከእውነተኛው እሠራላታለሁ፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ያለ ምንም ምክንያት ማክሰኞ ቀን ድንች እልጣለሁ። ባለፈው ጓል ደረሳትና ከአፏ አውጥታ ለእትዬ አሳየቻት። እትዬ «ዕቃ አታጥቢም» አለቻት፣ ከዚያ ተነሥታ ወደ መስኮቱ ሄደች።

ይህን እንደምጽፍ ስነግራት አልከለከለችኝም። «ጻፊው» አለች፤ «ግን ለሚያነቡት አንድ ልመና አለኝ። ቤታቸው ውስጥ መናገር ያቃተው ሰው ካለ፣ ሽማግሌም ይሁን ሕፃን፣ የሠሩለትን ገፍቶ ሌላውን ሲይዝ ቶሎ አይቀየሙት። አጠገቡ ቁጭ ይበሉና ለምን እንደሆነ ይጠይቁት፤ መልሱ ቢዘገይም ይጠብቁት። እኔ መጠየቅ ስችል አኮረፍኩ። እነሱ ዛሬውኑ ይጠይቁልኝ።»